የማላውቃቸው ቤተኞች

የቤት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ሁሉ በጣራው ሥር የሚያድሩትን ነፍሳት አንድ በአንድ ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕዝብ ቆጣሪው መዝገቡን ታቅፎ ከደጃፉ በቆመ ጊዜ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የቤት ሠራተኛዪቱን፣ ከባላገር ለሕክምና መጥታ በዚያው የቀረችውን የአክስቱን ልጅ ሳይቀር በየስማቸው ያስጽፋል እንጂ፣ «ሌሎችም አሉ፤ ማን እንደሆኑ፣ በማን ፈቃድ እንደገቡና ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚሠሩ ግን አላውቅም» ብሎ አይመልስም። እንዲህ ብሎ የመለሰ እንደሆነ ቆጣሪው ወይ ይስቃል፣ ወይ ያማትባል። ዳሩ ግን በሳሎኑ ማዕዘን ኮምፒውተር ያስቀመጠ ሰው ሁሉ፣ እውነቱን ይናገር ቢባል፣ ይህንኑ ቃል መናገር ይገባው ነበር፤ ዊንዶውስ የሚባለው ሥርዓት፣ ጌታው አንዲት መስመር ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍበት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን አስከትሎ ይገባልና፤ ከእነዚያም ሁሉ መካከል ባለቤቱ በስም የሚያውቀው አንድ ስንኳ የለም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ነው። በመዝገብ ቤት ሥርዓት ፋይል ማለት ቁጥር የተሰጠው፣ የተከፈተበት ቀን የተጻፈበት፣ ገቢው በገቢ፣ ወጪው በወጪ መዝገብ የሰፈረ፣ ያለ ኃላፊው ፊርማ ከመደርደሪያው የማይነቃነቅ ነገር ነው። ላኪው ያልታወቀ ወረቀት በእጃችን የገባ እንደሆነም «ልዩ ልዩ» በሚባለው ፋይል ውስጥ እንቀብረው ነበር። (በየመሥሪያ ቤቱ ከሁሉ ወፍራም የሆነው ፋይል ይኸው «ልዩ ልዩ» መሆኑን ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።) በዚህ ሥርዓት ተኮትኩቶ ያደገ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ልጆቹ በገዙለት ኮምፒውተር ላይ «የተሰወሩትን አሳይ» በምትለው ትንሽ ሣጥን ምልክት አድርጎ፣ እስከዚያች ሰዓት ባዶ መስሎ ይታየው የነበረው ቦታ ሁሉ ስማቸው በማይነበብ ፍጥረታት ተሞልቶ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ የያዘችው ሃይማኖት አጭርና የማያወላዳ ነው፤ ይኸውም ስሙ በአንድ ትንፋሽ የማይጠራ ነገር ሁሉ ከርኩስ መንፈስ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት፣ ታስክ ማናጀር የሚሉትን፣ በከፈትሁ ጊዜ፣ መነጽሯን አጥልቃና ጎንበስ ብላ «ኤስቪሲሆስት» የሚል አንድ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ስታየው፣ «አንድ ስም ለዚህ ሁሉ? እነዚህማ ተማክረው የገቡ ናቸው!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ነገሩ ሲመረመር ግን ተማክረው የገቡ ሳይሆኑ ተቀጥረው የሚሠሩ ሎሌዎች ሆነው ተገኙ። ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ ድምፁን የሚያሰማው፣ ኔትወርኩን የሚጠብቀው፣ ይህ ሁሉ አገልግሎት አብዛኛው ለብቻው ሊቆም በማይችል አኳኋን የተጻፈ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያቆመው ይሻል፤ ተሸካሚውም ይኸው ኤስቪሲሆስት ነው። ቀድሞ አንዱ ተሸካሚ ብዙውን አገልግሎት ባንድነት ይይዝ ስለነበር ቁጥራቸው ጥቂት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ግን ሜሞሪው ከ3.5 ጊጋባይት በሚበልጥ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ የወደቀ እንደሆነ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ፣ ለአብዛኞቹ አገልግሎቶች ለየብቻቸው ተሸካሚ ስለተመደበላቸው ሰልፉ ረዘመ። መብዛታቸው እንግዲህ የጥጋብ እንጂ የወረራ ምልክት አይደለም። እርግጥ ነው፣ የዚህን ታማኝ ሎሌ ስም ሰርቀው፣ ሁለት ፊደል ብቻ አፋልሰው፣ «ኤስሲቪሆስት» ተብለው የሚገቡ አስመሳዮች አሉ፤ ስለዚህ ብልሃቱ ስሙን ከመጠየቅ ይልቅ ማደሪያውን መጠየቅ ነው። በስሙ ላይ በማውሱ ቀኝ ተጭኖ «የፋይሉን ቦታ ክፈት» ያሉት እንደሆነ፣ እውነተኛው ሲስተም 32 ወደሚባለው ፎልደር ይመራል፤ ያንኑ ስም ይዞ በዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተጋድሞ የተገኘ ግን ጠበቃ ቢያቆምም አይድንም።

ከእርሱ ቀጥሎ ባለቤቴን ያስቆጣት «ሃይበርፊል» የተባለው ፋይል ነበር። የእርሱስ ስሙ ብቻ ሳይሆን ቁመናውም ያስፈራል፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ 3 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይዞ ይተኛል። ሥራው፣ ኮምፒውተሩ ለረዥም እንቅልፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ በሜሞሪው ያለውን ሁሉ ተቀብሎ በዲስኩ ላይ ማኖርና ሲነቃ መመለስ መሆኑን ባስረዳኋት ጊዜ፣ «ለመተኛት ብቻ ነው ይህን ሁሉ ቦታ የያዘው በለኛ!» አለችኝ፤ ይህን ስትል ግን ዓይኗ በኮምፒውተሩ ላይ አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ባዕድ መካከል አንድ የአገር ልጅ አግኝቼ መደሰቴን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ንፉግ እባላለሁ። ፎንቶች ከሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ «ኒያላ» የሚል ፋይል ተገኘ፤ ይህም የግእዝ ፊደላችንን ለኮምፒውተር የሚያበጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣና ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር በሌለው በደጋ አጋዘን ስም የተሰየመ ነው። ባለቤቴ እርሱንም ከሚባረሩት ጋር ደምራው ነበርና፣ እርሱ የወጣ እንደሆነ የጻፍሁት ሁሉ መልኩ እንደሚለወጥ ነግሬ በብዙ ምልጃ አተረፍሁት።

«ይጥፉ» ባለች ቁጥር የምነግራት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ከወዳጆቻቸው የኢሜይል ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። የደብዳቤውም ፍሬ ነገር፣ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ የድብ ግልገል ሥዕል ያለበት «ጄዲቢጂኤምጂአር» የሚባል ፋይል ተሰውሮ ይገኛል፣ 14 ቀን አድፍጦ የሚያጠፋ፣ የቫይረስ መከላከያም የማያየው ጠላት ነውና ፈጥናችሁ ደምስሱት፣ ለምታውቋቸውም ሁሉ አስጠንቅቁ የሚል ነበር። ሰዎቹም ቢፈልጉ፣ እነሆ፣ ግልገሉ ድብ በተባለው ቦታ ቁጭ ብሎ አገኙት፤ ደመሰሱትም። ማግኘታቸውም የማይቀር ነበር፤ ፋይሉ ለጃቫ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዲያገለግል ከማይክሮሶፍት የተሠራና በብዙ ኮምፒውተር ውስጥ ከመጀመሪያውም የነበረ ንጹሕ ፋይል ነበርና። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም «ሱልፍንብክ» የተባለው፣ በዊንዶውስ 98 ውስጥ ረዣዥም የፋይል ስሞችን ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበረው ምስኪን፣ በዚሁ ዓይነት ሐሰተኛ ምስክር ተፈርዶበት በብዙ ቤት ተሠውቶ ነበር። ከቫይረስ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው፤ ማጥፋትና መዛመት። ያ ደብዳቤ ግን አንዲት የፕሮግራም መስመር ሳይኖርበት ሁለቱንም ሥራ በገዛ እጃችን አሠራን፤ እኔም በበኩሌ ከተንኮል ሁሉ ይህን አደንቃለሁ።

«ይጥፉ» የሚለው ሁለተኛው ወገን የእህቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆነ በእርሱ ዘንድ ለደዌ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ፎርማት ይባላል። ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት፣ ማተሚያው እንቢ ቢል ፎርማት፣ ስሙ ያልታወቀ ፋይል ቢታይም «ጋሼ፣ ምን ያጨናንቅዎታል? ፎርማት ላድርገውና ይገላገሉ» ነው። ይህ ፍርድ በማየ አይኅ ምድርን እንደማጥፋት ያለ ነው፤ ያውም በዚያን ጊዜ መርከብ ተሠርቶ 8 ነፍስ ተርፏል፣ የእህቴ ልጅ ግን መርከብ የሚሠራው ለራሱ ፕሮግራሞች እንጂ ለእኔ ቃለ ጉባኤዎችና ለሟች እናቴ ፎቶግራፍ አይደለም። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ውኃው ጎድሎ ምድር ከደረቀች በኋላ ፕሮግራሞቹን ለመጫን ከኪሱ የሚያወጣው ፍላሽ ነው፤ ያ ፍላሽ በዚያ ሳምንት በስንት ደንበኛ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባና ሲወጣ እንደሰነበተ ራሱም አያውቅ።

የእውነተኛውን ጥፋተኛ መልክ ያየሁትም በፍላሽ ላይ ነው። የዕድራችንን ማስታወቂያ ለማሳተም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ልኬው የተመለሰውን ፍላሽ በሰካሁ ጊዜ፣ የጎረቤታችን ልጅ የሠርግ ፎቶ ያለበት ፎልደር በቢጫ ቀለሙ፣ በስሙ፣ ተቀምጦ በነበረበት ተራ ላይ ነበረ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ይከፍተው ነበር። ነገር ግን የመዝገብ ቤት ሰው ዓምድ ሳያነብ አያልፍምና ዓይኔ ወደ ጎን ሄዶ፣ መጠን በሚለው ዓምድ ላይ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ተጽፎ አየ። ዊንዶውስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ለፎልደር መጠን አይጽፍም፤ መጠን የሚጽፈው ለፋይል ብቻ ነው። ዓይነት ወደሚለው ዓምድ ብመለከት ደግሞ በፎልደር ፈንታ «አፕሊኬሽን» ይላል። የሠርግ ፎቶ ተብሎ የተቀመጠው፣ የፎልደር ሥዕል እንደ ልብስ የደረበ ፕሮግራም ነበረ፤ ማንነቱን የምትገልጸው «ኢኤክስኢ» የምትባለው የስሙ ጭራ ግን፣ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ጭራዎች ሲፈጠር ጀምሮ እንዲደብቅ ስለታዘዘ፣ አልታየችም። እውነተኛው ፎልደርስ ወዴት ሄደ ቢባል፣ ከዚያው ከፍላሹ ሳይወጣ የስውርነትና የሲስተምነት ማዕረግ ተጭኖበት ተሸሽጓል። የእህቴ ልጅ በጥቁሩ መስኮት ላይ «አትሪብ» የምትባለዋን ትእዛዝ ከነምልክቶቿ ጽፎ ማዕረጉን ሲገፈው፣ ሙሽራዪቱ ከነሚዜዎቿ ወጣች። ያን ቀን ፎርማት የሚለው ቃል ከአፉ ስላልወጣ ምሳ ጋብዤዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጥርጣሬው ሥርዓት ተገለባበጠ። ስሙ የማይነበበው፣ አጥንት ብቻ የሆነው፣ በቁጥርና በፊደል የተቆላለፈው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሎሌ ነው፤ ልብ የሚያስደነግጠው «ደመወዝ»፣ «ፎቶ»፣ «አስቸኳይ» እየተባለ፣ ሰው ሊከፍተው የሚናፍቀውን ስም ይዞ የሚመጣው ነው። ይህንም ዓለም በብርቱ የተማረው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከወዳጅ የተላከ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል መሆኑን የሚመሰክረው ጭራው ታይቶ፣ ከእርሱ በኋላ ያለችው ክፉዪቱ ጭራ ግን ተሸፍና ከፊሊፒንስ የተነሣው ፋይል፣ የከፈተውን ሰው የአድራሻ ዝርዝር እየተከተለ ዓለምን አዳረሰ። ተማሪ የነበረው ጸሐፊው ቢከሰስም፣ በአገሩ ሕግ ውስጥ ይህን ወንጀል የሚመለከት አንቀጽ ገና ስላልነበረ ክሱ ተነሣለት። እኔን የሚገርመኝ ግን የሕጉ ጉድለት አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ዕድሜ ልካቸውን ከሥርጭት ክፍል በቀር የጻፈላቸው የሌለ ስንትና ስንት ሹማምንት፣ በዚያን ዕለት ማለዳ የፍቅር ደብዳቤ ደረሳችሁ ሲባሉ አንዳች ሳይጠራጠሩ መክፈታቸው ነው።

በመዝገብ ቤት ዓይን የተመሰገነ ቫይረስ አለ ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ አዎን፣ አንድ አለ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ፣ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ብሬን የሚባለውን ሲጽፉ፣ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና የስልክ ቁጥራቸውን በውስጡ አስፍረው፣ መድኃኒቱን የሚሻ ወደ እነርሱ እንዲመጣ አመልክተው ነበር። ላኪ፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ጉዳዩ! ከዚህ የበለጠ ምን ይጠየቃል? ቀንና ቁጥር ቢጨመርበት ኖሮ ለኃላፊው ፊርማ በቀረበ ነበር።

ነገሩ ለእኔም ለባለቤቴም ለእህቴም ልጅ የማይለይ በሚሆንበት ጊዜ ወደ ጉባኤ እንወስደዋለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በስፔን፣ በማላጋ ከተማ ተጀምሮ በ2012 ወደ ጉግል የዞረው ቫይረስቶታል፣ የቀረበለትን ፋይል ወደ 70 ለሚደርሱ የቫይረስ መርማሪዎች ባንድ ጊዜ ሰጥቶ የየአንዳንዱን ቃል ያቀርባል። ነገር ግን ጉባኤ ባለበት ሁሉ ክርክር አለ፤ ከኬልቄዶን ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። ስልሳ ስድስቱ ንጹሕ ነው ሲሉ፣ ስማቸው ተሰምቶ የማያውቅ አራት መርማሪዎች «ወንጀሉ በግልጽ ባይታወቅም አኳኋኑ ያስጠረጥራል» የሚል የተድበሰበሰ ቃል የሰጡ እንደሆነ፣ እኔ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ አሰናብታለሁ፤ ታላላቆቹ በአንድ ድምፅ አውግዘው የወንጀሉንም ስም የጠሩ እንደሆነ ግን ይግባኝ አልቀበልም። ወደዚህ ጉባኤ የተላከ ፋይል፣ ለአገልግሎቱ የሚከፍሉ የደኅንነት ባለሙያዎች ሊያዩት እንደሚችሉም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የዕድሩን የሒሳብ መዝገብ ለምርመራ እልካለሁ ያለችውን ባለቤቴን ከልክያታለሁ። የዕድሩ ሒሳብ በላሆርም በማላጋም ባይታወቅ ይሻላል።

ሒሳቡን ካነሣሁ አይቀር፣ የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ያለፈውን ስብሰባ ውሳኔ ሊያይ ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «የዕድር ቃለ ጉባኤ» የሚለውን ፋይል በወርድ ፕሮግራም ከፍቼ ሳለ ከኋላዬ ቆሞ ይመለከት ነበር። በፎልደሩ ውስጥ፣ ከዋናው ፋይል አጠገብ፣ ጥላ የመሰለ ደብዛዛ ፋይል አለ፤ ስሙም ከፊቱ አንዲት የተጠማዘዘች ሰረዝና የዶላር ምልክት ተደርጎበት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ተውጠው «ድር ቃለ ጉባኤ» ብቻ ቀርቷል። ገንዘብ ያዡ ይህን አይቶ ዝም አለ። ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጣ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ ዶላር ካለን የተቀደደው ድንኳን ስለምን አይለወጥም የሚል ጥያቄ ከሴቶቹ ወገን ተነሣ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ «አቶ ጸሐፊ፣ ይህን ነገር ለጉባኤው ያስረዱ» አሉ። እኔም ተነሥቼ፣ ወርድ የሚባለው ፕሮግራም አንድ ጽሑፍ በተከፈተ ጊዜ ሌላ ሰው በዚያው ላይ እንዳይጽፍበት አጠገቡ አንዲት ምልክት እንደሚያኖር፣ ይህቺም ከ162 ባይት የማትበልጥ ኢምንት እንደሆነች፣ ጽሑፉ ሲዘጋ ራሷ እንደምትጠፋ፣ ጽሑፉ ክፍት ሳለ መብራት በድንገት የሄደ እንደሆነ ግን ወላጅ እንደሌላት ልጅ በዚያው ልትቀር እንደምትችል፣ የዶላሩም ምልክት ለመለያ እንጂ ለገንዘብ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳሁ።

«በውስጧስ ምን አለ?» አሉ ዳኛው።

«በውስጧ፣ ክቡር ዳኛ፣ ጽሑፉን የከፈተው ሰው ስም ብቻ ነው ያለው፤ ይኸውም የእኔ ስም ነው» አልሁ።

«እንግዲያውስ ዶላሩ በስሙ ነው የተቀመጠው!» አለ ገንዘብ ያዡ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ከብዙ ሁካታ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ነገሩን በዓይናቸው አይተው እንዲመጡ ተወሰነ፤ ውሳኔውንም በቃለ ጉባኤ ያሰፈርሁት እኔው ነኝ። ሽማግሌዎቹ ገንዘብ ያዡን አስከትለው መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ጽሑፉን ከፈትሁ፤ ዶላሩም በቦታው ታየ። «እንግዲህ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ» ብዬ ጽሑፉን ብዘጋው ያቺ ደብዛዛ ፋይል ከነምልክቷ ድርግም ብላ ጠፋች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገንዘብ ያዡ ግን ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጦ፣ «አያችሁልኝ?» አለ፤ «ዓይናችን እያየ አሸሸው!»